የገናን ሥጋ ማን መረጠው?

ገና ሲደርስ በአዲስ አበባ ዶሮ ይበለታል። በለንደን ተርኪ የተባለው ትልቅ ወፍ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በስቶክሆልም በጨው ውኃ የሰነበተ የአሳማ ታፋ ይበስላል፤ በፕራግ ካርፕ የሚባል ዓሣ ይጠበሳል፤ በሬይኪያቪክ በጭስ የታጠነ የበግ ሥጋ ይቀርባል። በዓሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሥጋው ለምን ተለያየ? ወንጌላውያኑ ስለ ግርግሙ፣ ስለ እረኞቹና ስለ ሰብአ ሰገል ጽፈዋል፤ በልደት ቀን ምን እንደሚበላ ግን አንዳቸውም አላዘዙም።

የበዓሉን ቀን የወሰነችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥጋውን የወሰነው በረቱ ነው። በዚያ ወር የትኛው እንስሳ ሰብቷል? የትኛውን ከዚህ በኋላ መቀለብ ያከስራል? ከታረደስ ሳይበላሽ ስንት ሰው ይጨርሰዋል? ማቀዝቀዣና የጭነት መኪና ባልነበሩበት ዘመን እያንዳንዱ ገበሬ እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ ይመልስ ነበር። መልሱ ሲደጋገም ልማድ ሆነ፤ ልማዱ ሲሰነብት ምክንያቱ ተረሳና ምግቡ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ ግን ዛሬም ከሥጋው ሊነበብ ይችላል፤ አንድ በአንድ እንየው።

በቅድሚያ ጾሙ

ከበዓሉ ሥጋ በፊት ጾም አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ከ40 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከገበታ ይርቃሉ። በምዕራብ አውሮፓም ተመሳሳይ ጾም ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር፣ በማኮን ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 11 ቀን ከሚውለው የቅዱስ ማርቲን በዓል ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ በየሳምንቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲጾም ደንግገው ነበር።

ጾም ሰውን ብቻ አያስርብም፤ ጎተራንም ይሞላል። ሰው ቢጾም ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን አታቆምም፤ ላሟም መታለቧን አትተውም። እንቁላሉ ይጠራቀማል ወይም ይታቀፋል፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ይቀመጣል፤ በጉም ሳይነካ ይሰባል። የገና ዶሮ ወጥ ቅቤና እንቁላል በብዛት የሚገባበት ለዚህ ነው፤ በጾሙ ሳምንታት የተከለከለውና የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ድስት ይገናኛል። ጾሙ ሥጋው ምን እንደሚሆን አልመረጠም። ነገር ግን እርዱን በአንድ ቀን ሰበሰበው፤ መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን ሥጋ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው የበረቱ ሒሳብ ነው።

የበረቱ ሒሳብ

ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ከኖቬምበር በኋላ ሣር አያድግም። ከብቱ እስከ ፀደይ ድረስ የሚኖረው በበጋ ታጭዶ በተከመረ ድርቆሽ ነው፤ ድርቆሹ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ገበሬው ክረምቱ ሳይገባ መቁጠር አለበት። በሬው በፀደይ ያርሳል፤ ይቆይ። ላሟ ትታለባለች፤ ትቆይ። በጉ ጸጉሩ ይሸለታል፤ ዶሮዋ ትጥላለች፤ እነሱም ይቆዩ። አሳማው ግን በሕይወት እያለ የሚሰጠው ነገር የለም፤ አያርስም፣ አይታለብም፣ አይሸለትም። ያለው ሥጋውና ስቡ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እናቲቱ በአንድ ወሊድ ብዙ ግልገል ትጥላለች፤ ስለዚህ ዘር የምትሆነውን አስቀርቶ ሌላውን ማረድ መንጋውን አይጎዳውም።

የሚሰባበትም ወቅት ከገና ጋር ይገጥማል። መኸር ላይ የኦክና የቢች ዛፎች ፍሬያቸውን ያረግፋሉ፤ እረኞች አሳማዎቹን ወደ ጫካ ነድተው ቅርንጫፉን በዱላ እየመቱ ፍሬውን ያወርዱላቸው ነበር። ይህ ሥራ በመካከለኛው ዘመን የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ተሥሏል። ለቤሪው መስፍን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጀመረው ዝነኛ የጸሎት መጽሐፍ የኖቬምበር ሥዕል የሚያሳየው አሳማ ጠባቂ ዱላውን ወደ ዛፍ ሲወረውር ነው፤ የዲሴምበሩ ሥዕል ደግሞ ውሾች የዱር አሳማ ከበው ሲጥሉ ያሳያል። ሁለቱ ሥዕሎች የሁለት ገበታ ታሪክ ናቸው፤ ድሃው ጓሮው ያሳደገውን ያርዳል፤ መኳንንቱ ጫካ የገደሉትን ይበላሉ።

የዱር አሳማ ጭንቅላት በትልቅ ሳህን ተዘጋጅቶ በመዝሙር ወደ አዳራሽ መግባቱ የእንግሊዝ መኳንንት የገና ሥርዓት ነበር። በኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1341 የተመሠረተው ኩዊንስ ኮሌጅ በዚህ ሥርዓት ይታወቃል። ከክርስትና በፊትም የሰሜን ሕዝቦች በክረምት በዓላቸው ፍሬይር ለሚሉት አምላካቸው አሳማ ያርዱ እንደነበር፣ በአሳማውም ላይ እጅ ጭነው ይማሉ እንደነበር በአይስላንድ የተጻፉ የጥንት ትረካዎች ይናገራሉ። አንዳንድ ሰዎች የስዊድንን የገና አሳማ በቀጥታ ከዚያ መሥዋዕት ያመጡታል። እኔ ግን መሥዋዕቱም የበረቱ ሒሳብ ተከታይ ነው እላለሁ። ለጣዖትም ሆነ ለልደት፣ በዲሴምበር የሰባውና ከዚያ በላይ ሊቀለብ የማይገባው እንስሳ ያው አሳማው ነበር። እምነቱ ሲለወጥ በረቱ አልተለወጠም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አሳማ አታስበላም፤ የዚያ አገር ሰው ለምን አሳማን እንደመረጠ ለመረዳት ግን ይህን ሒሳብ ማወቅ ይበቃል።

ብርዱ ምን ይሠራል?

አንድ አሳማ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በአንድ ቀን አያልቅም። ስለዚህ የሚታረድበት ቀን ብርዳም መሆን አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሥጋ የሚያበላሹት ረቂቅ ተሕዋስያን ውኃና ሙቀት ይፈልጋሉ። ጨው ውኃውን ከሥጋው ይስባል፤ ወደ ውስጥም እየዘለቀ ተሕዋስያኑ እንዳይራቡ ያደርጋል። ችግሩ ግን ጨው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ከአሳማ ታፋ ላይ እስከ አጥንቱ ለመድረስ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል። አየሩ ሞቃት ከሆነ ጨው ሳይደርስ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ይሸታል። አየሩ ብርድ ከሆነ ግን ብርዱ ሥጋውን ይጠብቅለታል፤ ጨው እየዘገየም ይደርሳል። ሰሜን አውሮፓ በዲሴምበር ከቤት ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ማቀዝቀዣ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ አሳማ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይከፋፈላል። ደሙና የሆድ ዕቃው ቶሎ ስለሚበላሹ በዚያው ሰሞን ቋሊማ ሆነው ይበላሉ። በጨው ውኃ ለአጭር ጊዜ የቆየው ታፋ ለገና ይደርሳል፤ የስዊድንና የፊንላንድ የገና ታፋ ይህ ነው። በደረቅ ጨው ታሽቶ ለወራት የተሰቀለው ደግሞ እስከ ፋሲካና ከዚያ በኋላ ይቆያል። በሩማንያ ገጠር አሳማ የሚታረደው ዲሴምበር 20 በሚውለው የኢግናት ቀን ነው፤ አራጁንና ያገዙትን ጎረቤቶች ከትኩሱ ሥጋ መጋበዝ ግዴታ ነው። ሥራው ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ ግብዣው የምስጋና ክፍያ ነው።

አሳማ ያልበዛበት የሰሜን አገር በግ ያርዳል። በአይስላንድ የበግ ሥጋ በጨው ታሽቶ በጭስ ይታጠናል፤ እንጨት እምብዛም በማይገኝበት ደሴት ለጭሱ የሚነደው ብዙ ጊዜ የደረቀ የበግ ፋንድያ ነው። በምዕራብ ኖርዌይ የበግ ጎድን በጨው ታሽቶ ይደርቃል፤ በገና ዋዜማ በውኃ ተነክሮ፣ ድስት ውስጥ በተረበረቡ የበርች እንጨቶች ላይ በእንፋሎት ይበስላል። በመኸር የታረደ በግ እስከ ገና የሚቆየው በዚህ መንገድ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ማቀዝቀዣ ቢኖርም ሰዎቹ ያንን ጣዕም ካላገኙ ገና የመጣ አይመስላቸውም።

የእኛ ቋንጣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በደጋችን እንደ ሰሜን አውሮፓ ያለ ብርድ የለም፤ ስለዚህ ሙሉ ታፋ በጨው አሽቶ መተው አይቻልም። ያለን ደረቅ አየርና የጥቢ ፀሐይ ነው። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ ጨውና በርበሬ ይነካዋል፤ በገመድ ላይ ይሰጣል፤ ቀጭን ስለሆነ ሳይበላሽ ይደርቃል። ብርድ ያለው ሕዝብ ትልቁን ሥጋ በጊዜ ያቆያል፤ ፀሐይ ያለው ሕዝብ ሥጋውን አሳንሶ ከጊዜ ይቀድማል።

ዝይ፦ በታጨደ ማሳ ላይ የሰባች ወፍ

ከተርኪ በፊት የእንግሊዝና የጀርመን የገና ወፍ ዝይ ነበረች። ዝይ እንደ ዶሮ ዓመቱን ሙሉ አትጥልም፤ የምትጥለው በፀደይ ነው። ጫጩቶቿ በበጋ ሣር ግጠው ያድጋሉ፤ እህሉ ሲታጨድ ማሳ ላይ የቀረውን ቃርሚያ ለቅመው ይሰባሉ። ባለቤቱ አንድም ቁና እህል ሳያወጣ በመኸር ማብቂያ ስባማ ወፍ ያገኛል። በጀርመን አገር እስከ ዛሬ በቅዱስ ማርቲን ቀን ዝይ ይበላል፤ ያ ቀን የጾሙ ዋዜማ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ገና ላይ ሁለተኛዋ ዝይ ትመጣለች።

ለንደን እያደገች ስትሄድ ዝይዎቹ ወደ ከተማዋ መድረስ ነበረባቸው፤ የደረሱትም በእግራቸው ነው። ዳንኤል ዲፎ እ.ኤ.አ. በ1724 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከኖርፎክና ከሰፎክ ወደ ለንደን ስለሚነዱት የዝይና የተርኪ መንጋዎች ጽፏል። በአንድ ወቅት ብቻ 300 የተርኪ መንጋዎች በስቱር ወንዝ ድልድይ እንደሚያልፉ፣ በአንድ መንጋ ከ300 እስከ 1,000 ወፍ እንደሚኖር፣ በጠቅላላውም ወደ 150,000 እንደሚጠጋ አስልቷል። የዝይዎቹ ጉዞ የሚጀምረው በኦገስት ነው፤ እህሉ በዚያን ጊዜ ስለሚታጨድ ወፎቹ በየመንገዱ ማሳ ላይ ቃርሚያ እየለቀሙ ይሄዳሉ። ኦክቶበር ሲያልቅ ጭቃው ለአጭር እግራቸው ስለሚከብድ ጉዞው ይቆማል። ከዚህ ሌላ ነጋዴዎች አራት ደርብ ያለው ጋሪ ሠርተው ወፎቹን አንዱን ከአንዱ በላይ ጭነው በፈረስ ማመላለስ ጀምረው ነበር። የገበያው ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰባ ተብሎ የተመረጠው ወፍ አሁን መጓዝም መቻል አለበት።

ለከተማው ሠራተኛ ግን ዝይም ውድ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሠራተኞች የዝይ ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ያስቀምጣሉ፤ ገና ሲደርስ ሁሉም ዝያቸውን ይወስዳሉ። ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ዝይዋ ከተገኘች በኋላም ሌላ ችግር ነበር፤ የድሃ ቤት የሚጠብስ ምድጃ የለውም። ስለዚህ በገና ቀን ሠፈርተኛው ዝዩን ይዞ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ይሄዳል፤ ጋጋሪው ዳቦ በማይጋግርበት ቀን የጋለውን ምድጃውን ያከራያል። ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የገና ልብ ወለዱ ድሃው የክራቺት ቤተሰብ ዝዩን ያበሰለው በዚህ መንገድ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ንፉጉ ስክሩጅ ልቡ ሲመለስ ለቤተሰቡ የሚልክላቸው ትልቅ ተርኪ ነው። አንባቢው ሁለቱን ወፎች ሲያይ ልዩነታቸውን ወዲያው ያውቅ ነበር፦ ዝይ የቆጠበ ሰው በዓል ናት፤ ተርኪ የባለጸጋ ስጦታ።

ከሜክሲኮ የመጣው ወፍ

ተርኪ አውሮፓዊ አይደለም። ያለመዱት የጥንት ሜክሲኮ ሕዝቦች ናቸው፤ ስፔናውያን ከመድረሳቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ያረቡት ነበር፤ በአዝቴኮች ገበያም ይሸጥ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔናውያን ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ብዙ አሥርት ዓመታት ሳያልፉ እንግሊዝ ደረሰ። ዮርክሻየር የሚኖር ዊልያም ስትሪክላንድ የተባለ ሰው አመጣው ይባላል፤ እርግጥ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1550 በተሰጠው የቤተሰብ አርማ ላይ ተርኪ መሣሉ ነው። ከዚያ በፊት በ1541 ሊቀ ጳጳስ ክራንመር የካህናትን ግብዣ ለመገደብ ባወጡት ደንብ ተርኪን ከትልልቆቹ ወፎች መድበው በአንድ ሳህን ከአንድ በላይ እንዳይቀርብ ከልክለዋል። የሚከለከል ነገር የተወደደ ነገር ነው። በ1573 ደግሞ ቶማስ ተሰር ለገበሬዎች በጻፈው የግጥም መጽሐፍ ተርኪን ከገና ምግቦች ጋር ቆጥሮታል።

ለምን እንዲህ ቶሎ ገባ? ከበረቱ ሒሳብ ጋር ስለተስማማ ነው። ተርኪ በፀደይ ይፈለፈላል፤ በመኸር ቃርሚያ ይሰባል፤ ዲሴምበር ላይ ይደርሳል። እንቁላል ለመጣል የሚያስፈልገውን ዶሮ ሳይነኩ የሚያርዱት ወፍ ሆነ። መጠኑም ትልቅ ነው፤ አንድ ዝይ ብዙ አጥንትና ስብ ስላላት ሰፊ ቤተሰብ አታጠግብም፤ አንድ ተርኪ ግን ለአያት፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ቢሆንም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለብዙው እንግሊዛዊ ውድ ነበር። በብሪታንያ የሥጋ ራሽን እ.ኤ.አ. በ1954 ካበቃ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር በሺህ የሚቆጠር ወፍ የሚያረባው እርሻና የቤት ማቀዝቀዣ ሲስፋፉ ዋጋው ወረደ፤ የስክሩጅ ስጦታ የሁሉም ቤት ምግብ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተርኪ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓልን ስለያዘ፣ ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ወር በኋላ ለገና ወደ አሳማ ታፋ ወይም ወደ በሬ ጎድን ጥብስ ይዞራል።

እዚህ ላይ የእኛ ድስትም ይመጣል። ሚጥሚጣና በርበሬ የምንላቸው ቃሪያዎች የተገኙት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ የበርበሬያችን ዘር የለመደው በሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ውጭ ባለው ዓለም ማንም አልቀመሰውም። ኮረሪማው የራሳችን ነው፤ ቁንዶ በርበሬው ከሕንድ በባሕር መጣ፤ ወጡን ቀይ ያደረገው በርበሬ ግን የተርኪው አገር ልጅ ነው። የለንደኑ የገና ወፍና የጎንደሩ የገና ወጥ የሚገናኙበት አንድ ምንጭ ስላላቸው ደስ ይለኛል። ጥንታዊ የምንለው ምግብ ራሱ የመንገደኞች ስብስብ ነው፤ ይህም ክብሩን አይቀንሰውም።

ዓሣው፣ ዶሮውና በበጋ የሚውለው ገና

በቼክና በፖላንድ የገና ዋዜማ በልማድ የጾም ቀን ነው፤ በምዕራቡ የጾም ሥርዓት ዓሣ ከሥጋ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ምሽቱ የካርፕ ነው። ካርፕ የረጋ ኩሬ ይወዳል፤ መኳንንትና ገዳማት ለጾም ቀናት ትልልቅ ኩሬዎችን አስቆፍረዋል። በደቡብ ቦሄሚያ ትሬቦን አጠገብ ያኩብ ክርቺን ያሠራው የሮዠምበርክ ኩሬ እ.ኤ.አ. በ1590 ተጠናቅቆ ዛሬም ዓሣ ይሰጣል። ኩሬዎቹ ውኃቸው የሚለቀቀውና ዓሣው የሚሰበሰበው በመኸር ነው፤ ካርፑ ሳይሞት በንጹሕ ውኃ ይቆይና በዲሴምበር በከተማ ጎዳና ላይ ከገንዳ እየተያዘ ይሸጣል። ኩሬውም በረት ነው፤ የሚከፈትበት ወር አለው።

ገበያው ብቻውን ልማድ የፈጠረበት አገር ጃፓን ነው። እዚያ ክርስቲያኑ ጥቂት ነው፤ ተርኪም እምብዛም አይረባም፤ በብዙ ቤት ተርኪ የሚያስገባ ምድጃም የለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኬንታኪ ፍራይድ ችክን ለገና የተጠበሰ ዶሮ የሚያስተዋውቅ ዘመቻ በመላ አገሪቱ ጀመረ፤ ዛሬ ብዙ ጃፓናዊ ቤተሰብ ሳምንታት ቀድሞ ያዝዛል። በረቱ ባዶውን የተወውን ቦታ ሱቁ ሞላው። በአውስትራሊያ ደግሞ ገና የሚውለው በከባድ በጋ ነው። ሰፋሪዎቹ ከእንግሊዝ ያመጡትን ታፋ አልተዉትም፤ ግን ቀዝቅዞ ይቀርባል፤ አጠገቡም የባሕር ሽሪምፕ ይቀመጣል። ወቅቱ ሲገለበጥ ገበታው መገልበጥ እንደሚጀምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የእኛ ማዕድ

አሁን ወደ ታኅሣሥ 29 እንምጣ። በእኛ ደጋ ክረምቱ አልፎ ሣሩ ጥቅምትና ኅዳርን አብልቷል፤ እህሉ ታጭዶ ከብቱ በቃርሚያ ማሳ ላይ ይሰማራል። ታኅሣሥ ከብት አምሮ የሚታይበት ወር ነው። ከሦስት ወር በኋላ በበጋው መጨረሻ ያው ከብት ይከሳል። ስለዚህ ገና ለበረቱ ጥሩ ጊዜ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ሥጋ የሚያቆይ ብርድ የለንም፤ የታረደ ሁሉ ቶሎ ማለቅ አለበት። የእኛን የበዓል ሥጋ የቀረጸው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ማን ይጨርሰዋል?

መልሱ በሦስት እንስሳ ተሠርቷል። ዶሮ ለአንድ ቤት ይበቃል፤ በዋዜማው ይታረዳል፤ ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትኩሱ ይቀርባል፤ ለማግሥቱ ቢተርፍ እንኳ ቅቤውና በርበሬው ያቆዩታል። በግ ለሰፋ ያለ ቤተሰብና ለእንግዳ ነው፤ ሙክቱ ይታረዳል፤ ጥብሱ፣ ወጡና ቅቅሉ በጥቂት ቀን ያልቃል። በሬ ግን ለአንድ ቤት ከአቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ ቅርጫ መጣ። ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፤ ሰንጋ ይገዛል፤ ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ከጉበቱ፣ ከታላቅ ሥጋው፣ ከሆድ ዕቃው ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ሰሜኑ አሳማውን በጨው ለብዙ ወራት ዘረጋው፤ እኛ በሬውን ለብዙ ቤት ዘረጋነው። ሁለቱም ለአንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ የእኛው ግን ጎረቤትን ግድ ይላል፤ ለዚህ ነው ቅርጫን ከምግብ በላይ የምወደው።

ዶሮዋ ራሷ ሩቅ መጥታለች። የዶሮ ዘር የለመደው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ የቅድመ አክሱም መንደር የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 እና በ400 መካከል ዶሮ እኛ ዘንድ እንደነበረ ያሳያሉ፤ ማለትም ከበዓሉ ቀድማ መጥታ ጠብቃዋለች። ወጡ የሚፈልጋት ግን ያደገችውን ነው። የሐበሻ ዶሮ በግቢው ስትሮጥ ብዙ ወር ስለምትቆይ ጡንቻዋ ጠንካራ ነው፤ በጡንቻውና በአጥንቱ መካከል ያለው ጅማት በረጅም እሳት ቀልጦ ወጡን ያጎላዋል። ለዚህ ነው ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለሰዓታት ተቁላልቶ፣ በርበሬው በስሎ፣ ከዚያ በኋላ ዶሮዋ ገብታ የምትቆየው። በስድስትና በሰባት ሳምንት የደረሰ የፋብሪካ ዶሮ ይህን እሳት አይችልም፤ ይፈርሳል። በውጭ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች ወጡ ሊወጣ ሲል ዶሮውን የሚያስገቡት፣ ወይም እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጌ ዶሮ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ትክክል ናቸው፤ ወጡ የተሠራው ለሌላ ወፍ ነው።

በሬውም የራሱ ሳይንስ አለው። ዝነኛው የሐረር ሰንጋ የሚሰባው በእጅ ነው። ገበሬው ወጣት በሬ ይገዛል፤ ያርስበታል፤ ከዚያ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳ እየነቀለ የሚያሳሳውን ቡቃያና የአገዳ ቅጠል እያጎረሰ ያደልበዋል፤ ሲደልብ ሸጦ ወጣት ይተካል። ማሳሳቱ ለሰብሉ ግድ ነው፤ የተነቀለው ደግሞ መኖ ነው፤ አንድም ነገር አይባክንም። ሥጋው ለምን እንደሚጣፍጥ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከማሳው ይጀምራል።

የራስን ገበታ ለማንበብ

እንግዲህ በየትኛውም አገር የበዓል ሥጋ ፊት ስትቀርቡ ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል። በዚህ ወር የሚሰባው ምንድን ነው? ሳይበላሽ የሚጨርሰው ማን ነው? ወደ ገበያ የደረሰው በምን ነው? ዝይ በመጀመሪያው ጥያቄ ትገለጣለች፤ ቅርጫና የጨው ታፋ በሁለተኛው፤ የዛሬው ተርኪና የጃፓን ዶሮ በሦስተኛው። ስለ በዓሉ ቀንና ስለ ጸሎቱ ሃይማኖት ይናገራል፤ ስለ ሥጋው ገበሬው መልሷል።

ዛሬ ማቀዝቀዣውና መኪናው ጥያቄዎቹን ሁሉ አላልተዋቸዋል። በየትኛውም ወር የትኛውም ሥጋ ይገኛል። ልማዱ ግን ከምክንያቱ ጋር ቢሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ልማዱን ሲለውጥም በእውቀት ይለውጠዋል። በሬ ሲወደድ ብቻውን ኪሎ ሥጋ ከሚገዛ ሰው ይልቅ ቅርጫ የሚገባው ያተርፋል፤ ዋጋውን ለብዙ ቤት ማከፋፈል በማቀዝቀዣ ዘመንም ይሠራል። ገበያ ያቀረበለትን ዶሮ በአሮጌው ሰዓት ከመቀቀል ይልቅ የዶሮዋን ዕድሜ አይቶ እሳቱን የሚያስተካክል ሰው ወጡን ያድናል። ስለ እነዚህ ነገሮች የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ጽፈው አላስቀመጡትም፤ በእጃቸው ነው ያለው። ዘንድሮ ጾሙ ሳይፈታ እናትና አባትን፣ አያትንም ካሉ፣ በእነሱ ጊዜ ለገና ምን ይታረድ እንደነበር፣ ምን ይቀለብ እንደነበር፣ ሥጋው ለማን ለማን ይደርስ እንደነበር ጠይቋቸው። ያንን የሚያውቅ ቤተሰብ በዓሉን በየትኛውም አገር፣ ባገኘው ሥጋ፣ በሙሉ ትርጉሙ ማክበር ይችላል።